ባሕር ላይ ተቀምጣ ዝናብ የጠጣች ከተማ

ቬኒስን ሊያይ የሚነሣ ሰው ሁሉ ፀሐይ ይመኛል። የማኅበራችን ዓመታዊ የጉብኝት ቀን ግን ዘንድሮ በኅዳር ዋለ። በዚያ ወቅት የባቡሩም የማደሪያውም ዋጋ ይቀንሳል፤ በሰው ቤት ለምንሠራው ለብዙዎቻችንም ፈቃድ የሚገኘው ያኔ ነው። ሁለቱንም ቀን ዝናቡ አላባራም። ጃንጥላ ይዘን፣ ቦቲ ተጫምተን፣ ጠባቡን መንገድ ሁለት ሁለት እየሆንን ዞርን።

ስለ ምግቡና ስለ ጀልባው ጉዞ ከዚህ በፊት በዜና መጽሔታችን የጻፉ እኅቶች ስላሉ እሱን አንደግመውም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ዝናቡ ስላሳየን አንድ ታሪክ ነው። ቬኒስ በባሕር ተከብባ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው ከሰማይ የወረደ ውኃ እየጠጣች ነው። ያንን ውኃ ማን አጠራቀመው? ማን ጠበቀው? ማንስ ተሸክሞ በየቤቱ አደረሰው? ይህን ስንከታተል መንገዳችን ከእድራችንና ከማኅበራችን ጋር ወደሚመሳሰል ነገር፣ ቀጥሎም እንደኛው ከሌላ አገር መጥተው በጉልበታቸው ወደኖሩ ሴቶች አደረሰን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዝናብ ሲዘንብ የሚታየው ሥራ

ቬኒስ የተሠራችው ከ100 በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ዙሪያዋን የሚከብባት ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ሲሆን ውኃው ጨዋማ ነው። በውስጧ ወንዝ የለም፤ ምንጭ የለም። መሬቱን ቢቆፍሩት የሚወጣው ለመጠጥ የማይሆን ውኃ ነው። ጀልባ በደጁ የሚያስር ሰው የሚጠጣው ጠብታ ላይኖረው ይችል ነበር ማለት ነው።

በከተማዋ ውስጥ «ካምፖ» የሚባሉ አደባባዮች አሉ። ቃሉ ሜዳ ማለት ነው። በየካምፖው መሐል ከድንጋይ የተጠረበ፣ ወገብ የሚደርስ፣ በብረት ክዳን የተዘጋ ክብ ነገር ይቆማል። በፀሐይ ቀን ጎብኚው ይደገፈዋል፣ ቦርሳውን ያስቀምጥበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል። በዝናብ ቀን ግን ሥራው ይገለጣል። የአደባባዩ ወለል ደልዳላ ይመስል እንጂ በቀስታ ያዘነበለ ነው። ውኃው በንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ በጉድጓዱ ዙሪያ ወዳሉት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም አራት ወደሆኑ፣ የተበሱ ነጫጭ ድንጋዮች ይገባል። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው አሸንዳም ውኃውን ወደዚያው ያወርዳል።

ከንጣፉ በታች ያለው ነገር ትልቅ ሥራ ነው። አደባባዩን እስከ 5 ሜትር ገደማ ይቆፍሩታል። የጉድጓዱን ወለልና ጎን ውኃ በማያሳልፍ ሸክላ አፈር በደንብ ይለስኑታል፤ ይህ ጨዋማው ውኃ ከውጭ ሰርጎ እንዳይገባ ነው። መሐሉ ላይ ከጡብ የተሠራ እንደ ቧንቧ ያለ ጠባብ ጉድጓድ ያቆማሉ። የቀረውን ቦታ በሙሉ በአሸዋ ይሞሉታል። የዝናቡ ውኃ በተበሱት ድንጋዮች በኩል ወርዶ በአሸዋው ውስጥ እየተጣራ በጡቡ ሥር ያልፍና መሐል ላይ ይጠራቀማል። ስሙ የውኃ ጉድጓድ ይባል እንጂ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ የለውም። ማጠራቀሚያውም ማጣሪያውም እሱ ነው።

በ1858 የከተማዋ አስተዳደር ጉድጓዶቹን ሲያስቆጥር ከ6,000 በላይ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ በሀብታሞች ግቢና በቤቶች ውስጥ የነበሩ የግል ጉድጓዶች ናቸው። ለሕዝብ ክፍት የነበሩት 180 ያህል ብቻ ነበሩ። የራሱ ግቢ የሌለው ሰው ሁሉ የሚቀዳው ከነዚያ ከ180ዎቹ ነው።

ቁልፍ፣ ደወልና ሥርዓት

የሕዝቡ ጉድጓድ ቀኑን ሙሉ ክፍት አልነበረም። ክዳኑ ይቆለፋል። ቁልፉ የሚቀመጠው በአጥቢያው ቄስና በሰፈሩ አለቆች ዘንድ ነበር። ጠዋትና ማታ ደወል ሲደወል ይከፈታል፤ ሰዉ ባልዲውን ይዞ ተሰልፎ ይቀዳል፤ ከዚያ ይዘጋል። ጉድጓዱን ማቆሸሽ የተከለከለ ነበር። የከተማው ሹማምንት ንጽሕናውን ይቆጣጠሩ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ከባሕሩ ይመጣል። ማዕበሉ ከፍ ብሎ አደባባዩን ካጥለቀለቀ ጨዋማው ውኃ በተበሱት ድንጋዮች ገብቶ አሸዋውን ያበላሸዋል፤ ጉድጓዱም ለረጅም ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በአንዳንድ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሳን ትሮቫዞ ካምፖ፣ ጉድጓዱና ዙሪያው ከፍ ባለ መደብ ላይ የተሠሩት ለዚህ ነው። እኛ ስናየው ደረጃው ለጌጥ የተሠራ መስሎን ነበር፤ ለካ የውኃውን ሕይወት የሚጠብቅ አጥር ነው።

ዝናብ የጠፋ ጊዜስ? ያን ጊዜ ከዋናው መሬት ከብሬንታ ወንዝ ንጹሕ ውኃ በጀልባ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ይህን ሥራ የሚሠሩት «አኳሮሊ» የሚባሉ ባለጀልባዎች ሲሆኑ የራሳቸው የሙያ ማኅበር ነበራቸው። ያመጡትን ውኃ በጉድጓዶቹ ውስጥ ይገለብጡታል፤ ውኃው እንደገና በአሸዋው ተጣርቶ ይቀዳል።

ይህን ሁሉ ስንሰማ ከመካከላችን አንዷ እኅታችን «እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ በርሜልና ገንዳ አሸንዳ ሥር እንደግናለን፤ እነዚህ ግን ከተማውን ራሱን ደግነውታል» አለች። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘንም። ዝናብ ለሁሉም እኩል ይወርዳል። ነገር ግን የሚያጠራቅም፣ ቁልፍ የሚይዝና ሥርዓት የሚያስከብር ከሌለ ሜዳ ላይ ፈስሶ ባሕር ይገባል።

በጉድጓዱ አፍ ላይ የተጻፈውና ያልተጻፈው

የጉድጓዶቹን አፍ ጠጋ ብላችሁ ብትመለከቱ በብዙዎቹ ላይ ጋሻ የሚመስል ምልክት ተቀርጾ ታያላችሁ። ጉድጓዱን ያሠራው ቤተሰብ ወይም ማኅበር አርማ ነው። ጉድጓድ ማሠራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ለሕዝብ የሚደረግ በጎ ሥራ ነበርና ስማቸው መቅረቱ ተገቢ ነው። ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ ይህን ጽሑፍ ያነቡታል፤ እነሱም የሚያውቁት ነገር ነው፦ ያለ አሠሪ ጉድጓድ የለም።

ነገር ግን ያለ ተሸካሚም ውኃ ቤት አይደርስም። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። «ቢጎላንቲ» ይባሉ ነበር። ስሙ የመጣው «ቢጎሎ» ከሚባለው መሸከሚያቸው ነው፤ በትከሻ ላይ የሚጋደም፣ እንደ ቀስት የጎበጠ እንጨት ሲሆን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ የመዳብ ባልዲ ይንጠለጠልበታል። ብዙዎቹ የቬኒስ ተወላጆች አልነበሩም። ከሰሜን ተራሮች፣ ከፍሪዩሊና ከካዶሬ አካባቢ፣ ሥራ ፍለጋ የወረዱ ወጣት የገጠር ሴቶች ነበሩ። በዶጁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በ1550ዎቹ ከነሐስ የተሠሩ ሁለት ትልልቅ የጉድጓድ አፎች አሉ። ቢጎላንቲዎቹ ከዚያ ቀድተው፣ ድልድይ ወጥተው ወርደው፣ የሰው ቤት ደረጃ ወጥተው ውኃውን ይሸጡ ነበር።

ግቢው ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ነው። እኛ ስንገባ ዝናቡ የነሐሱን አፍ እያጠበው ነበር። በላዩ ላይ የተቀረጹት ምስሎች እጅግ ያምራሉ። የሠሩት ባለሙያዎች ስም ይታወቃል፤ በዘመኑ የገዙት ዶጆች ስምም ይታወቃል። ለብዙ ዓመታት ከዚያ እየቀዱ የተሸከሙት ሴቶች ግን በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺዎች በሸጧቸው ፎቶዎች ላይ ፊታቸው አለ፤ ከሥር የተጻፈው «ውኃ ቀጂ» የሚል ብቻ ነው።

በ1884 ንጹሕ ውኃ ከዋናው መሬት በቧንቧ ገባ። ለከተማዋ ጤና ትልቅ በረከት ነበር፤ የጉድጓዶቹም ክዳን አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ። ለውኃ ቀጂዎቹ ግን የእንጀራቸው ማብቂያ ሆነ። አንድ ቧንቧ የስንት ሴቶችን ሥራ እንደተካ፣ ወደ ተራራቸው የተመለሱት፣ በሰው ቤት ሠራተኛነት የቀሩት እነማን እንደሆኑ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም።

ይህ ክፍል ከሁላችንም ጋር ቆየ። ከመካከላችን በልጅነታቸው ከወንዝ በእንስራ ውኃ የቀዱ አሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሴቶች በ1970ዎቹ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ጣሊያን ይመጡ ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቻችን ባዳንቴ ሆነን የሰው እናትና አባት እንጦራለን። አንሥቶ ማስቀመጥ፣ አጥቦ ማልበስ፣ ደረጃ ወጥቶ ገበያ ማድረስ የትከሻ ሥራ ነው። የቢጎሎው እንጨት ቅርጹ ተለወጠ እንጂ አልወረደም።

የስደተኞች እድር

ዝናቡ ሲበረታ መጠለያ ፍለጋ የገባንባቸው ቤቶች ሌላ ታሪክ ነበራቸው። በቬኒስ «ስኩዎላ» ሲባል በጥንቱ አነጋገር ትምህርት ቤት ማለት ብቻ አይደለም። በአንድ ቅዱስ ስም የሚሰባሰቡ ምእመናን ማኅበር ነው። አባሉ ሲገባ ይከፍላል፤ በየዓመቱም ያዋጣል። አባል ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲቸገር ይረዳል፤ ሲሞት ማኅበሩ ወጥቶ ይቀብረዋል። ደሀ ለሆኑ ልጃገረዶች የመዳሪያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ሥርዓቱ ሁሉ «ማሪየጎላ» በሚባል የመተዳደሪያ መጽሐፍ ይጻፋል። ይህን የሰማ ሀበሻ ሁሉ «እድር ነው፤ የጽዋ ማኅበር ነው» ሳይል አይቀርም።

ትልልቆቹ ስኩዎላዎች በ16ኛው መቶ ዓመት ስድስት ነበሩ፤ ትንንሾቹ ከ200 ይበልጡ ነበር። ትልልቆቹ በአብዛኛው የወንዶች ሲሆኑ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ሴቶችንም ይቀበሉ ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው በ1478 የተመሠረተው የሳን ሮኮ ማኅበር ነው። ቅዱስ ሮኮ ከወረርሽኝ ይጠብቃል ተብሎ የሚታመን ቅዱስ ነው። የአዳራሹን ግድግዳና ጣሪያ ሠዓሊው ቲንቶሬቶ ከ1564 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እየሣለ ሞልቶታል። በዝናብ ቀን ግማሽ ቀን ቢያሳልፉበት አይቆጭም። የሳን ማርኮ ማኅበር አዳራሽ ደግሞ ዛሬ የከተማዋ ሆስፒታል መግቢያ ሆኗል።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ትንሹ ቤት ነው። ከአድሪያቲክ ባሕር ማዶ ከዳልማጥያ የመጡ ስደተኞች፣ ብዙዎቹ መርከበኞች፣ በ1451 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ሳን ጆርጆ ዴሊ ስኪያቮኒ ይባላል። ከውጭ ሲያዩት ተራ ቤት ነው። ውስጡ በሠዓሊው ካርፓቾ ከ1502 ጀምሮ የተሣሉ ሥዕሎች ዙሪያውን ተሰልፈዋል። ከነሱ አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ያሳያል። ከቤታችን ግድግዳ የምናውቀውን ሰማዕት በስደተኞች እድር ቤት ውስጥ አገኘነው። ከመካከላችን ተሳልመው የወጡ አሉ። አልባኒያውያንም በ1442፣ ግሪኮችም በ1498 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር።

ታሪኩ እስከ መጨረሻው ያማረ አይደለም። ሪፐብሊኳ በ1797 ወደቀች። ከ1806 ጀምሮ በናፖሊዮን አስተዳደር ዘመን ስኩዎላዎቹ እየተዘጉ ንብረታቸው ተወሰደ። ከ200 በላይ ከነበሩት ማኅበራት ከዚያ ማዕበል የተረፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከነዚያ መካከል ሳን ሮኮና የዳልማጥያውያኑ ማኅበር ይገኙበታል። ከተዘጉት የብዙዎቹ መተዳደሪያ መጽሐፍ ግን በቤተ መዛግብትና በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። አዳራሹ ተወሰደ፣ ብሩ ተወሰደ፣ የተጻፈው ቀረ። ዛሬ ስለነሱ የምናውቀው ከዚያ ነው።

የኛ ሰዎች በቬኒስ

ስለ ጽሑፍ ካነሣን የራሳችንን ሰዎች አሻራ ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በ1402 ከዐፄ ዳዊት የተላከ መልእክት ወደ ቬኒስ ደርሷል። የመልእክተኞቹ መሪ አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ነበር፤ ለሪፐብሊኳ ከቀረቡት ስጦታዎች መካከል ነብሮች ነበሩበት። የዐፄ ዳዊት ስም በአገራችን ከግማደ መስቀሉ መምጣት ጋር አብሮ እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዘመን የሁለቱን አገሮች ግንኙነት የቬኒስ ሰዎች በመዝገባቸው ስለጻፉት ከ600 ዓመት በኋላም ይነበባል።

ከዚያ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም ውስጥ የዓለም ካርታ ሠራ። ካርታው ክብ ሲሆን ቁመቱም ስፋቱም ሁለት ሜትር ያህል ነው። ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለተሣለ አፍሪካ ከላይ ትታያለች። ፍራ ማውሮ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ያወቀው ከዚያ አገር ከመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው። ወንዞቻቸውንና አውራጃዎቻቸውን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ በካርታው ላይ ጽፏል። የዐባይና የአዋሽ ስም እዚያ ላይ አለ። ካርታው በሳን ማርኮ አደባባይ ባለው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የሚገባውም በኮረር ሙዚየም በኩል ነው። ለዝናብ ቀን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

እነዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስማቸው በካርታው ላይ የለም። ነገር ግን ያወቁትን ስለተናገሩና የሰማ ሰው ስለጻፈው አገራቸው በካርታው ላይ ገባች።

አንዲት አሮጊት የያዙት ዳንቴል

በሁለተኛው ቀን በቫፖሬቶ፣ ማለትም በውኃ አውቶቡስ፣ ወደ ቡራኖ ደሴት ተሻገርን። ከቬኒስ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቤቶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ናቸውና በዝናብ ጭምር ያበራሉ። የደሴቷ ሴቶች ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በመርፌና በክር ብቻ በሚሠሩት ዳንቴል በአውሮፓ ሁሉ የታወቁ ነበሩ። ሪፐብሊኳ ከወደቀች በኋላ ግን ሙያው እየተረሳ ሄደ።

በ1872 ክረምት ወሽመጡ በብርድ ቀዝቅዞ በረዶ ሆነ። ዓሣ አጥማጆቹ መውጣት አልቻሉም፤ ቡራኖ ተራበች። ያን ጊዜ አንዲት ባላባት፣ ኮንቴሳ አድሪያና ማርቼሎ፣ ከፓርላማ አባሉ ከፓውሎ ፋምብሪ ጋር ሆነው የሴቶቹን ሙያ መልሶ የማቋቋም ሐሳብ አመጡ። ጥንታዊውን አሠራር በሙሉ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የተገኙት አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ሰዉ ቼንቻ ስካርፓሪዮላ ይላቸዋል። እጃቸው ያውቃል እንጂ ማስረዳት አልቻሉም። ስለዚህ የደሴቷ የትምህርት ቤት መምህር አና ቤሎሪዮ ዴስተ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እጃቸውን እያየች ተማረች፤ ከዚያ ለልጃገረዶቹ አስተማረች። ትምህርት ቤቱ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶችን አሠልጥኖ እስከ 1970 አካባቢ ቆየ። ሕንፃው ከ1981 ጀምሮ የዳንቴል ሙዚየም ነው።

ይህን ታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን። በእናቶቻችን ቤት በሶፋው፣ በቴሌቪዥኑ፣ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን የኪሮሽ ዳንቴል ያላስታወሰ የለም። አሮጊቷ ከአንድ ዓመት በፊት ሞተው ቢሆን፣ ወይም መምህሯ ትዕግሥት አጥታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሙዚየሙም የለም። የሁለት ሴቶች አብሮ መቀመጥ የደሴት እንጀራ ሆነ።

ለሄደ ሰው የሚሆን ምክር

በዝናብ ወቅት መሄድ ለምትፈልጉ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ዝናብና «አኳ አልታ» የተባለው የባሕር ሙላት አንድ አይደሉም። ሙላቱ የሚመጣው የባሕሩ ወጀብና ከደቡብ የሚነሣው የሲሮኮ ነፋስ ሲገጣጠሙ ነው፤ ዝናብ ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል። በኅዳር 4 ቀን 1966 ማለትም በፈረንጆቹ ኖቬምበር ውኃው 194 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ በኖቬምበር 12 ቀን 2019 ደግሞ 187 ሴንቲ ሜትር። ከጥቅምት ወር 2020 ጀምሮ ግን ሞዜ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ግድብ ሥራ ጀምሯል። 78 የብረት በሮቹ በሦስቱ የባሕር መግቢያዎች ላይ ተኝተው ይቆዩና ሙላት ሲመጣ ይነሣሉ። የሆነ ሆኖ ዝቅ ባሉ ቦታዎች፣ በተለይ በሳን ማርኮ አደባባይ፣ ውኃ ሊኖር ስለሚችል ጉልበት የሚደርስ ቦቲ አይጠላም። ጃንጥላ በጠባቡ መንገድ ላይ ሲያስቸግር የዝናብ ካፖርት ይሻላል። ጉድጓዶቹን ለማየት ግን ምንም መግቢያ አይከፈልም፤ ዝናቡ ሲጀምር አንድ ካምፖ ውስጥ ቁሙና ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ

በመልሱ ባቡር ላይ የተነጋገርነውን እዚህ ላይ እናሰፍራለን። የማኅበራችን መዝገብ በደንብ የተያዘ ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ለታመመች ስንት እንደወጣ፣ ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ስንት እንደተሰበሰበ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገኛል። ገንዘብ ያዦቻችንና ጸሐፊዎቻችን ይመስገኑ። ደጋፊዎቻችን የሰጡትም በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ስማቸው ተጠቅሶ ይወጣል።

በመዝገባችን ውስጥ የሌለው የትከሻው ታሪክ ነው። ከመሥራቾቻችን አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹ አገር ገብተዋል፣ ያረፉም አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። መጀመሪያ ሲመጡ በየትኛው ቤት እንደሠሩ፣ ወረቀት ሳይኖራቸው እንዴት እንደኖሩ፣ ልጅ እንዴት እንዳሳደጉ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በባቡር ጣቢያ በር ላይ ተገናኝተው ይህን ማኅበር እንዴት እንዳቆሙ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው። ልጆቻችን በጣሊያንኛ ያስባሉ፤ ጥያቄውን እስኪጠይቁን ብንጠብቅ የሚመልስ ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየወሩ ስብሰባ ላይ ከቡናው በፊት አንዲት ታላቅ እኅት ወይም እናት ለግማሽ ሰዓት ሕይወቷን ትናገር። አንዲት ወጣት አባል አጠገቧ ተቀምጣ ትጻፍ፣ ድምፅም ትቅረጽ። ተናጋሪዋ ያልፈቀደችው ነገር አይጻፍ፤ ያሠራቻት ቤትም ስሙ አይነሣ። የተጻፈው ለተናጋሪዋ ተነብቦላት «አዎ፣ ይኸው ነው» ስትል በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ። ለመቅረጫ መሣሪያና ለማሳተሚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ስላልሆነ ከደጋፊዎቻችን መካከል ይህን የሚሸፍን እንደማይጠፋ ተስፋ እናደርጋለን። አርማቸው በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀረጻል፤ በዚህ ጊዜ ግን የቀጂዎቹም ስም ከጎኑ ይኖራል።

ለመናገር ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ ወይም እናታችሁን አስፈቅዳችሁ ማምጣት የምትችሉ፣ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ለመጀመሪያው ወር ሁለት እናቶች ቃል ገብተውልናል።